ወፍጮዬን አላነሳም

ጁን 24፣ ማክሰኞ

ወንድሜ ቱሃሚ ዛሬ መጣ። የአባታችንን የቅመም ወፍጮ ከአሮጌው ከተማ አስጭኜ ወደዚህ ትልቅ መደብር ከገባሁ ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው፤ እሱ እዚህ ሲረግጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። ባዶ ጋሪ እየገፋ መጣና በወተቱና በልብስ ሳሙናው መካከል ቆሞ ቅመሞቼን ከላይ እስከ ታች ገረመማቸው።

“ደህና ነህ?” አልኩት።

“የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል እሰማ ነበር። ዛሬ በዓይኔ አየሁ።”

“ጋሪህ ባዶ ነው። ከመጣህ አይቀር ወተት ግዛ።”

“የአባቴ ወፍጮ ከመጸዳጃ ወረቀት ጎን ቆሞ እያየሁ ወተት ይወርድልኛል?”

ሲወጣ አስነጠሰ። “ከበሩ ጀምሮ ይሸታል” አለ። ሽሙጥ መሆኑ ነው። እዚህ ቤት ምንም አይሸትም። የአየር ማቀዝቀዣው ሽታውን ሁሉ ይጠጣዋል።

ፊት ለፊት ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው። በአሮጌው ከተማ ቅጥር ውስጥ መኪና ማቆሚያ የለም። የዛሬ ሚስቶች ሕፃን ታቅፈው፣ አሥር ኪሎ በርበሬ ተሸክመው በዚያ ጠባብ መንገድ አይጋፉም። እዚህ ግን ለዳይፐር የመጣችው ድምብላል ይዛ ትሄዳለች። ጥበቃ አለ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል፣ ዝናብ አያገባም። የምከራየው አራት እርምጃ በሦስት እርምጃ ነው፤ የቀረውን ትልቅነት በነፃ እጠቀምበታለሁ። ውሌ የሙከራ ነው፣ እስከ ኦገስት መጨረሻ። የሙከራ ቢሆንስ? ከተማችን ስፋክስ በሙሉ የዓመት ቅመሙን የሚያስፈጨው በእነዚህ ሁለት ወሮች ነው። ይሞክሩኝ፣ አሳያቸዋለሁ።

ወደዚህ የመጣሁት ለመኪና ማቆሚያው ነው። በሌላ በምንም አይደለም።

ጁላይ 1፣ ማክሰኞ

አጠገቤ ያለውን ቦታ የተከራየችው ወሲላ ናት፤ መነጽር ትሸጣለች፣ ዓይንም ትመረምራለች። ዛሬ ነጭ ካፖርቷን ለብሳ እየተንደረደረች መጣች።

“ሸድሊያ፣ ሰውዬው ገና ሁለተኛውን መስመር ሳያነብ አለቀሰ! ፊደሉ ምን አደረገው?”

“ምናልባት መነጽርሽ ተወዶበት ይሆናል።”

“ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ። የእኔ ደንበኞች ግን ከአንጀታቸውም ሳያለቅሱ ጎርፍ ሆኑ። በርበሬሽ ነው!”

“በርበሬ ከፈጨሁ እኮ ሁለት ሰዓት አለፈኝ። አየሩ ላይ ምን አለ? ምንም የለም።”

ወሲላ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ሙያዋ ስለሆነ ነው፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲያዩ ያፈጣሉ።

ጁላይ 5፣ ቅዳሜ

ለመጻፍ ጊዜ የለም። ሙቀቱ አርባ አንድ። ሰልፉ እስከ አይብ ማቀዝቀዣው ደረሰ። በርበሬ፣ በርበሬ፣ በርበሬ። አንዷ የሌላዋን ተራ ቀማች ብለው በጋሪ ተጋጩ። እኔ ፈጨሁ። ቱሃሚ ይህን ባየ!

ጁላይ 10፣ ሐሙስ

ሥራ አስኪያጁ ገይስ መጣ። ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ፊቱ ሁልጊዜ የተጨማደደ። እንደ ወጉ በአክብሮት ‘ላላ’ ይለኛል።

“ላላ ሸድሊያ፣ ቱኒስ ያሉት አለቆቼ እያንዳንዱ ድብልቅ የራሱ ቁጥር ይኑረው ይላሉ። ገንዘብ ተቀባዮቹ ተቸገሩ።”

“በአባቴ ደብተር ላይ የስንት ቤት ድብልቅ እንዳለ ታውቃለህ ልጄ? ሁለት መቶ አሥራ አራት። የአንዷ አማት ነጭ ሽንኩርት አትወድም፣ የሌላዋ ባል ያለ ከሙን አይጎርስም። ምን ብዬ ቁጥር ልስጣቸው? ‘አማት ቁጥር ዘጠና’ ልበል?”

ሳቀና አፉን በእጁ ሸፈነ። ሥራ አስኪያጅ መሳቅ የለበትም መሰለኝ።

“ታሽጎ ከፋብሪካ ቢመጣ እኮ ለእርስዎም ይቀላል። ወፍጮ የለ፣ አቧራ የለ፣ ክስ የለ።”

“የታሸገማ ሰባተኛው ረድፍ ላይ ሞልቶሃል፣ ከእኔም በርካሽ። ታዲያ እኔን ለምን አስገባኸኝ?”

የሸሚዙን እጀታ እያስተካከለ ሄደ። አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ ለእኔ ይቆጠርልኝ። ከሄደ በኋላ ወሲላ፣ “በወፍጮሽ ላይ የሚመጣውን ክስ እኮ መሳቢያው ውስጥ ይቆልፍበታል፤ ወደ ቱኒስ አይልከውም” አለችኝ። ይቆልፍ። ለራሱ ብሎ ነው።

ጁላይ 16፣ ረቡዕ

ከቃይረዋን የመጣውን ድምብላል ሙሉ ጆንያ መለስኩ። ሽታ የለውም። ነጋዴው ስልክ ደውሎ ተቆጣ፤ “ላላ ሸድሊያ፣ ከዚያው ማሳ የወሰዱት ሁሉ እየመረቁኝ ነው፤ እንደ ዘንድሮ ያለ ድምብላል አይተን አናውቅም ይላሉ” አለኝ። እነሱ ይመርቁት። እኔ የአባቴ ልጅ ነኝ፣ አልሞኝም።

ባለፈው ወር ከሙኑን መለስኩ። ከዚያ በፊት ቅርንፉዱን። ዘንድሮ ምድሪቱ ምን ነካት?

ማቀዝቀዣውን ዝቅ እንዲያደርጉት ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቅሁ።

ጁላይ 22፣ ማክሰኞ

ላላ ዘክያ መጡ። አባቴ በሕይወት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ደንበኛችን ናቸው፤ በደብተሩ ላይ ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ ናቸው። ምራታቸው ወንድ ልጅ ወልዳለች። የአራስ ብሲሳ፣ በዘይት የሚለወሰውን በሶ፣ ሊያስፈጩ ነው፤ ስንዴውንና ሽምብራውን በእጃቸው ቆልተው፣ አብሹንና እንስላሉን ለክተው በነጭ ጨርቅ ቋጥረው አመጡት። ከኋላቸው ሰልፍ ነበር።

“ጠዋት በርበሬ ስትፈጪ ነበር?” አሉኝ።

“ሐሳብ አይግባዎት። ሥርዓቱን አውቃለሁ።”

አውቃለሁም። አባቴ ሲደጋግመው ነው ያደግኩት፤ “ከበርበሬ በኋላ ሁለት ጊዜ ደረቅ ዳቦ፣ ሦስተኛው አፍንጫ።” ደረቅ ዳቦ ሁለት ጊዜ ፈጨሁበት፣ ወጥቶ ተደፋ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ የወፍጮውን አፍ አሸተትኩ። ንጹሕ ነበር።

ላላ ዘክያ መርቀውኝ ሄዱ።

ጁላይ 25፣ ዓርብ

ንጹሕ ነበር ብያለሁ። አሸትቻለሁ።

ላላ ዘክያ ዛሬ ጎድጓዳ ሳህን ይዘው ተመለሱ። ብሲሳው በወይራ ዘይት እንደተለወሰ ነው። ሰልፉን አልጠበቁም፤ ሰዉም ፊታቸውን ሲያይ መንገድ ለቀቀላቸው።

“ቅመሺው” አሉኝ።

“ምን ሆኑ እናቴ?”

“ቅመሺው አልኩሽ!”

ቀመስኩ። ምላሴ ነደደ።

“ምራቴ ከወለደች ስድስተኛ ቀኗ ነበር። አንድ ማንኪያ ጎርሳ ሕፃኑን እንደታቀፈች ጮኸች። ወተቴ ያቃጥለዋል ብላ ፈርታ ቀኑን ሙሉ አላጠባችም፤ ልጁ ሲያለቅስ እሷም ስታለቅስ ዋሉ። አባትሽ ለእኔ አራት አራስነት ፈጭቶልኛል። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን በርበሬ አግኝቼበት አላውቅም!”

ስንት ጋሪ እንደቆመ አላውቅም። ሁሉም ያዩኛል። እኔም አፌን ከፍቼ፣ “ማቀዝቀዣው ነው” አልኩ።

ምን የሚሉት መልስ ነው ይሄ? ማቀዝቀዣ በርበሬ ይፈጫል? ሳህኑን ባንኮኒው ላይ ትተውት ሄዱ። ይቅርታ እንኳ አላልኩም። እስካሁን እዚያው አለ፤ መጣሉም ማጠቡም አልሆነልኝም።

ጁላይ 26፣ ቅዳሜ

ገይስ የወፍጮውን ሶኬት ነቅሎ በቢጫ ፕላስተር አሸገው። ይህኛውን ክስ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ አልቻለም፤ ከሰልፈኞቹ አንዷ በስልኳ ቀርጻው ኖሯል። ከቱኒስ ሰው ይመጣል።

“አዲስ ውል አለ፣ ላላ ሸድሊያ። የታሸገ ብቻ የሚሸጡበት። ቦታው ይቆይልዎታል፣ ስምዎም ከላይ ይጻፋል። ወፍጮው ብቻ ይነሳል። እባክዎ፣ እኔም የምከራከርበት ነገር አለቀብኝ።”

ፕላስተሩን ለጥፎ ሲያበቃ ወፍጮውን በመሐረቡ ጠረገው። መጥፎ ልጅ አይደለም። ይህን ብዬ ጽፌያለሁና ይያዝልኝ።

ጁላይ 29፣ ማክሰኞ

ውሉ ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል። የታሸገ ብሸጥ ማሽተት አያስፈልገኝም። ወረቀቱን ማንበብ ብቻ ነው። ማንም አይመጣብኝ፣ ማንም አይጠይቀኝ። ምንኛ ይመቻል።

ወሲላ በምሳ ሰዓቷ መጣች። “ዓይንሽን ጨፍኚ” አለችኝ።

“ዓይኔ ደህና ነው። ክር በመርፌ አስገባለሁ።”

“ጨፍኚ ስልሽ!”

ጨፈንኩ። ከመደርደሪያዬ ጣሳ ስታወርድ ሰማሁ፤ ክዳኑ ተከፈተ። አፍንጫዬ ሥር አስጠጋችው። “ምንድን ነው?”

የጣሳው ድምፅ ከላይኛው መደርደሪያ ነው የመጣው፣ በስተግራ። “ቅርንፉድ ነዋ! ልጅ አደረግሽኝ እንዴ?”

“ክፈቺ።”

ጣሳው ባዶ ነበር። ታጥቦ የደረቀ።

ወሲላ ጨዋታ አታውቅም።

ኦገስት 1፣ ዓርብ

ዛሬ ሥራ አልገባሁም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ስንት ወር ቻልኩ፤ አሁን ሆዴም ሞላ።

አፍንጫዬ ሞቷል። ይኸው፣ ጻፍኩት። በፌብሩዋሪ ትኩሳት ይዞኝ ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። ስነሳ ሳሙናውም፣ ዓሣውም፣ የገዛ ልብሴም አንድ ሆነብኝ። ይመለሳል አሉኝ። ጠበቅሁ። አልተመለሰም።

በአሮጌው ከተማ፣ በቅመም ሰፈር አንድ ልማድ አለ። ጠዋት አዲስ ጆንያ የከፈተ ሰው በመዳፉ ቁንጥር ይዞ ወደ ጎረቤቱ ይሄድና “ምን ትላለህ?” ይላል። ጎረቤት ያሸታል፣ እውነቱን ይናገራል። የተዘረጋ መዳፍ አለማሽተት ስድብ ነው፤ አሽትቶ መዋሸት ደግሞ ከስድብም ይብሳል። አባቴ መዳፍ አሽትቶ ዋሽቶ አያውቅም፤ ለወዳጁም ለጠላቱም። እኔ ከዚያ ትኩሳት በኋላ ስድስት ሳምንት ሙሉ በቀለሙ እየገመትኩ መለስኩ። የፈሩት ይደርሳል፤ አንድ ጠዋት ጎረቤታችን ድምብላል ይዞ መጣ፣ እኔም “ምን የመሰለ ነው!” አልኩ። ለካ እርጥበት ገብቶት ሻግቷል። ሁሉም ሳቁ፣ የቀለድኩ መስሏቸው። ቱሃሚ ብቻ አልሳቀም።

በሳምንቱ ይህን ቦታ ልጠይቅ መጣሁ።

መኪና ማቆሚያ! እዚህ መዳፉን የሚዘረጋልኝ ሰው የለም፤ የመጣሁት ለዚያ ነው። ሳሙናና ዶሮ ጥብስና የጎማ ሽታ በተደባለቀበት ቤት ውስጥ ማን ያውቅብኛል ብዬ። ማቀዝቀዣውን ደግሞ እወቅሰዋለሁ። ወፍጮውንም አፍንጫ እንዳለው ሰው ጎንበስ ብዬ አሸተትኩ። ለአራስ! ላደርገው ስል አላፈርኩም፤ አሁን ነው የማፍረው።

ግን ደግሞ ይህንንም ልጻፍ። መኪና ማቆሚያው እውነት ነው። ሰልፉ እውነት ነው። ሠርተው የሚያድሩ ሴቶች ከሥራ ሲወጡ የቤታቸውን ቅመም በቤታቸው ልክ አስፈጭተው ይሄዳሉ፤ ይህን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። በውሸት ገባሁ እንጂ የገባሁበት ቤት ውሸት አይደለም። አልወጣም።

ኦገስት 3፣ እሑድ

ላላ ዘክያ ቤት ሄድኩ። ሳህናቸውን አጥቤ ይዤ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ፣ ግቢ አላሉኝም። ደጃፉ ላይ ቆሜ ነገርኳቸው፤ ትኩሳቱን፣ አፍንጫዬን፣ ሁሉንም። ከሰው ፊት ጮክ ብዬ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ድምፄ ተሰበረ፤ ተናደድኩበት።

ሰምተው ሲጨርሱ እንዲህ አሉኝ፦

“እኔ ፊትሽ ቆሜ አልነበረም?”

“ነበሩ።”

“አፍንጫ አልነበረኝም?”

“ነበረዎት።”

“ታዲያ የሞተው ያንቺ ብቻ ነው፣ አንቺ ደደብ! ‘እናቴ፣ ያሽትቱልኝ’ ማለት ስንት ያስከፍላል? አባትሽ ጆሮው ሲደክም ሒሳቡን እኔ ነበርኩ ጮክ ብዬ የምደግምለት። ኩራትሽን ፈጭተሽ ነው ለአራሴ ያበላሽው።”

ከዚያ ገብቼ ሕፃኑን እንዳይ ፈቀዱልኝ። እናቱ መጀመሪያ ፊቷን አዞረችብኝ። ደግ አደረገች። ልጁ ወፍሯል።

ኦገስት 6፣ ረቡዕ

የቱኒሱ ሰው መጣ። ጫማው ያብለጨልጫል። በገይስ ቢሮ ተቀመጥን። አዲሱን ውል ወደ እኔ ገፋው፤ መልሼ ገፋሁለት።

“የታሸገ አልሸጥም። ወፍጮው ካልተከፈተ ቦታውን ውሰዱት፤ ነገ ዕቃዬን እጭናለሁ።”

“እመቤት፣ አንዲት አራስ በእርስዎ ወፍጮ ተጎድታለች።”

“ተጎድታለች። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አፍንጫዬ አይሠራም።” ገይስ ካለቃው ኋላ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ቀጠልኩ። “ከዛሬ ጀምሮ ግን ማንም ሰው የወፍጮውን አፍ ራሱ ሳያሸት እህሉ አይገባም። ደስ ካላለው ደረቅ ዳቦ እጨምራለሁ፤ አሥሬም ቢሆን።”

“ደንበኛው የእርስዎን ሥራ ይሥራ ነው የሚሉኝ?”

“እዚህ ቤት ደንበኛው ጋሪውን ራሱ ይገፋል። ቲማቲሙን ራሱ መርጦ ራሱ ይመዝናል። ባለፈው ወር ደግሞ ገንዘብ ተቀባይ የሌለበት መክፈያ አስገብታችሁ ራሱን እንዲያስከፍል አደረጋችሁት። ሁሉን ሲሠራላችሁ ዘመናዊ ነው፣ ለእኔ አንዴ ሲያሸት ነውር ሆነ?”

ገይስ አሁንም አፉን በእጁ ሸፈነ። ሰውዬው ግን አየበት።

“እስከ ወሩ መጨረሻ” አለ። “አንድ ቅሬታ ብሰማ ያበቃል።”

ቢጫውን ፕላስተር ራሴ ነው የላጥኩት። ሙጫው ወፍጮው ላይ ቀርቷል፤ ይቅር፣ አልፍቀውም።

ኦገስት 19፣ ማክሰኞ

ጊዜ የለም። ደንበኞቼ ለማሽተት መጀመሪያ አፈሩ፣ ከዚያ ለመዱት፣ አሁን ይፎካከራሉ። “ከሙን አለበት!” ትላለች አንዷ። “አፍንጫሽን አስመርምሪ፣ እንስላል ነው!” ትላለች ሌላዋ። ባሎች ሳይቀሩ ይጎነበሳሉ። ወሲላ የኮረኮርኳት ያህል ትስቃለች፤ የምርመራ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዙራዋለች፣ ሰዎቿ ፊደል ያያሉ እንጂ አያለቅሱም። ላላ ዘክያ ዛሬ መጥተው ከሁሉም ረጅም ጊዜ አሸተቱ። ሁለት ጊዜ ዳቦ አስጨመሩኝ። በሦስተኛው፣ “ፍጪ” አሉኝ።

ባዶ እጄን ለሰው ማሳየት ይህን ያህል ቀላል ኖሯል? አይ፣ ቀላል አይደለም። በየቀኑ ጠዋት የመጀመሪያዋን ሴት “ያሽትቱልኝ” ከማለቴ በፊት አሁንም ባንኮኒውን ሁለቴ እጠርጋለሁ። ግን እላለሁ።

ኦገስት 30፣ ቅዳሜ

ቅሬታ አልመጣም። ገይስ የአንድ ዓመት ውል ይዞ መጣ፤ በላዩ ላይ “ከነወፍጮው” የሚል ተጽፎበታል፣ በእጁ ነው የጨመረው። ፈረምኩና ወረቀቱን ጡቴ ሥር ከተትኩት። “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” አልኩት። “እኔ ደግሞ ሁለቱም ነኝ።”

ከሰዓት በኋላ ቱሃሚ መጣ። ጋሪ አልያዘም። የወፍ ጫጩት እንደያዘ ሰው ቀኝ እጁን ጨብጧል። በቀጥታ ወደ ባንኮኒው መጣና ዘረጋው። ድምብላል። የቃይረዋን፣ እኔ የመለስኩት፤ ጆንያውን ከነጋዴው እንደገዛው ሰምቼ ነበር።

“ምን ትያለሽ?” አለኝ።

ቀለሙ ጥሩ ነበር። ፍሬው ሙሉ ነበር። የምለውን አውቅ ነበር፤ አባቴ ምን እንደሚል፣ ጎረቤቶቹ ምን እንደሚሉ፣ ሁሉን በቃሌ አውቀዋለሁ።

“አላውቅም” አልኩት። “አፍንጫዬ ሞቷል፣ ቱሃሚ።”

“ከሻገተው ድምብላል ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። እስክትነግሪኝ ነበር የምጠብቀው።”

“እኔን ስትጠብቅ አምስት ወር ሙሉ አኮረፍክ?”

“በዚያው አፍንጫ ስድስት ወር ሙሉ አልዋሸሽም?”

ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች መጉረምረም ጀመሩ። “ወንድምየው፣ ተራ አለ!” አለች አንዷ።

“ሰማህ?” አልኩት። “እዚህ ቤት ተራ አለ። ከኋላ።”

ሄደ። ታላቅ ወንድሜ፣ የቅመም ሰፈር አንጋፋ፣ ድምብላሉን እንደጨበጠ ከዘጠኝ ሴትና ከዘጠኝ ጋሪ ኋላ ቆመ። አንድም ቀን ለማንም ያልተሰለፈ ሰው ነው። ሲደርስ እጁን ከፍቶ ድምብላሉን ባንኮኒው ላይ አኖረ፣ ቆቡን አወለቀና ጎንበስ ብሎ የአባታችንን ወፍጮ አፍ አሸተተ። ቀና ሲል ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ በርበሬው ይሆናል።

“ገና ነው” አለ። “ዳቦ ጨምሪ።”

ጨመርኩ።